ከልካዩ ባል

"ይቆጡ እንጂ፣ ጋሼ! ሚስትዎን ፑል ቤት ውስጥ አገኟት እኮ! ይቆጡ!"

አዘጋጇ ይህን ስትል ለሰባተኛ ጊዜ ነው። በሩ ላይ የቆመው ልብስ ሰፊ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ትከሻውን ነፋ፤ ቅንድቡን ወደ ታች ጎተተ፤ እንደተባለው በሩን በእርግጫ ሊከፍት እግሩን አነሣና ሐሳቡን ለውጦ በእጁ ገፋው። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡትን ወንዶች በሙሉ አየና፣ ቀስ ብሎ፣

"እንደምን ዋላችሁ?" አለ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ማጋነን አይሁንና የጣሪያው ቆርቆሮ ሁለት ጣት ያህል ተነሥቶ ነው የተመለሰው። ካሜራ የተሸከመው ሰውዬ እንኳ ሆዱን ለመያዝ ሲል ካሜራውን ወለሉ ላይ አስቀመጠው። ያልሳቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ አዘጋጇ፣ ልብስ ሰፊው፣ ደግሞም ከጠረጴዛው ማዶ ስቴካዋን፣ የኳስ መምቻ ዘንጓን፣ ይዛ "ደንግጪ" እስክትባል የምትጠብቀው ሚስቱ። ሚስትየዋ ከጠዋት ጀምሮ ሰባት ጊዜ ደንግጣለች። ድንጋጤዋ አልቆባታል።

መብራቶቹ አምስት ነበሩ፤ አምስቱም ፀሐይን "አንቺ ዛሬ ዕረፊ" ብለው ያሰናበቷት ይመስላሉ። የሚስትየዋ ላብ ከአንገቷ ተነሥቶ በጀርባዋ ይወርዳል። ቀኝ ጉልበቷ ውስጥ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ምስማር የሚያቃና ይመስላታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሴት ፑል ተጫዋቾች ብቻ የሚገቡበት ሪያሊቲ ሾው አስቧል። ስምንት ሴቶች አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ወር ይዘጋባቸዋል፤ ይጫወታሉ፣ ይጣላሉ፣ ያለቅሳሉ፣ አገር ቁጭ ብሎ ያያል። ለጊዜው ከሐሳብ አላለፈም። የጣቢያው አለቆች እሺ እንዲሉ የአሥራ አምስት ደቂቃ ናሙና መቀረጽ አለበት፤ ናሙናው ላይ የታየችዋ ገባች፣ ያልታየችዋ ቀረች። ስምንቱ ሲወጡ ደግሞ ጣቢያው ለልጃገረዶች የፑል ማሠልጠኛ ይከፍትና እነሱኑ አሠልጣኝ አድርጎ ይቀጥራል ተብሏል።

ሚስትየዋን ካሜራም ዝናም አላጓጓትም። ያጓጓት ይሄ አሠልጣኝነት ነው፤ ቆመው የሚሠሩት ሥራ ስለሆነ።

የእሷ ሥራ የፑል ጠረጴዛ ማልበስ ነው። ያረጀውን ጨርቅ ትገፍፋለች፤ የተያዘበትን ሽቦ አንድ በአንድ በጉጠት ትነቅላለች፤ አዲሱን ጨርቅ ዝንብ ብታርፍበት እስክትንሸራተት ድረስ ትወጥረዋለች። ከዚያ ግንበኞች የሚይዙትን ውሃ ልክ ላዩ ላይ ታስቀምጥና ከሥሩ ገብታ በጀርባዋ ትተኛለች፤ የእግሩን ብሎን ታጠብቃለች፣ ትወጣለች፣ አረፋዋ መሐል መቆሟን ታያለች፣ ካልቆመች ተመልሳ ትገባለች። ለአንድ ጠረጴዛ ሠላሳ ጊዜ ገብታ ሠላሳ ጊዜ ትወጣለች። ከተማው ራሷን "ውሃ ልክ" ብሎ የሚጠራት በዚህ ነው። በዚያች ከተማ በፊቷ ልብሱን ያላወለቀ ጠረጴዛ የለም፤ ይህን እያሉ የሚያሾፉባትን ወንዶች ደግሞ ከሥራ በኋላ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ትገፍፋቸዋለች። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ እሷ ያላሸነፈችው ወንድ ቢኖር ገና ያልተወለደ ነው።

ጉልበቷን ግን ማሸነፍ አልቻለችም። ባለፈው ወር ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አነሣና፣

"ይሄ የስንት ዓመት ሰው ጉልበት ነው?" አላት።

"የአርባ ሦስት።"

"የእናትሽ መስሎኝ" አለ። ከዚያ ፎቶውን አስቀመጠና ከጠረጴዛ ሥር መግባት ካላቆመች ሁለት ዓመት ሳይሞላ ደረጃ መውጣት እንደማትችል ነገራት። ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው።

ስለዚህ አዘጋጇ ከሁለት ሳምንት በፊት ማስታወሻዋን ገልጣ "ፑል ስትጫወቺ ማን ይቃወምሻል?" ብላ ስትጠይቃት፣ መልሱ የጉልበቷን ዕጣ የሚወስን መሆኑን አላወቀችም።

"ማንም" አለቻት።

"አባትሽ?"

"ነፍሱን ይማረውና እሱ ነው ያስተማረኝ።"

"እሺ ባልሽስ?"

"ባሌ? ሰደርያዬን የሚሰፋልኝ እሱ አይደል እንዴ!"

አዘጋጇ ማስታወሻዋን ዘጋች። "እናቴ፣ ይሄማ ታሪክ አይሆንም" አለች በሐዘኔታ። "ጣቢያው ከልካይ ባል ይፈልጋል። ትንሽ... ትንሽ እንኳ አይከለክልሽም?"

ማታ ቤቷ ገብታ ስትነግረው ልብስ ሰፊው በመርፌ ቀዳዳ ክር እያስገባ ነበር። ክሩን አስገባ፤ ቋጠረ፤ ጫፉን በጥርሱ ቆረጠ፤ ከዚያ "ስንት ሰዓት ልምጣ?" አላት።

እሱ ማለት እንዲህ ነው። ዝንብ እሽ አይልም። እንዲያውም ዝንቧ ብትጠይቀው ልብስ ይሰፋላታል። ሲናገር ድምፁ ከስፌት መኪናው ያንሳል፤ ደንበኞቹ ልካቸውን ሲነግራቸው ጆሯቸውን አስጠግተው ነው የሚሰሙት። እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ "በሩን ረግጠህ ገብተህ፣ ስቴካውን ነጥቀህ፣ 'ወደ ቤትሽ!' ብለህ ጩኽ" ያሉት።

"እሺ፣ ስምንተኛ!" አለች አዘጋጇ። ከትናንት ጀምሮ እንዳልተኛች ዓይኗ ይናገራል። "ጋሼ፣ ሰላምታ የለም። ማንንም ሰላም አይሉም። ገባዎት?"

"ገብቶኛል፣ ልጄ።"

ገባ። ሰላም አላለም። እስከ ጠረጴዛው መጣ፤ ስቴካውን በሁለት ጣቱ ነካ አደረገና፣ "ነይ እስቲ፣ እንሂድ" አለ፤ ቀሚስ ልትለካ የመጣችን ደንበኛ ወደ መስተዋቱ የሚጋብዝ ነው የሚመስለው።

ከግድግዳው በኩል አንዱ ጮኸ፦ "ኧረ ይሄን ተዋናይ ከየት ነው ያመጣችሁት? ሌላ ተዋናይ አምጡ!"

"እኔ ልሥራው!" አለ ሌላው። "ሚስት ላይ መጮህ እንደሆነ ዲግሪ አለኝ!"

"አንተማ ሚስትህ ፊት ዲግሪህን ትበላዋለህ!"

ጠዋትም እንዲሁ "ተዋናዩ መጣ" ሲሉ ሚስቱ ሰምታለች። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ውስጥ አብረዋት የሚጫወቱ ሰዎች ባሏን አያውቁትም። "ተዋናይ አይደለም፣ ባሌ ነው" ማለት አምስት ቃል እንኳ አይሞላም። አላለችም። የስቴካዋን ጫፍ በጠመኔ አሸች፤ እንደገና አሸች፤ ጠመኔው አቧራ ሆኖ እስኪያልቅ አሸች።

"አሥር ደቂቃ ዕረፍት!" አለች አዘጋጇ።

ባልና ሚስቱ ወጥተው በጓሮው ባዶ የጠርሙስ ሳጥኖች ላይ ተቀመጡ። እሷ እግሯን ዘረጋች። እሱ እንደ ልማዱ የኮቱ ደረት ላይ አምስት ስድስት ስፒል ሰክቷል።

"አይሆንልኝም" አላት።

"ይሆንልሃል። የሚያናድድህን ነገር አስብና ግባ።"

"ምን ያናድደኛል እኔን?"

"ሰው ነህ አይደል እንዴ? አንድ ነገር ያናድድሃል።"

አሰበ። "ክር ሲበጠስ።"

"ሌላ።"

"ደንበኛ በቀጠሮው ሰዓት ሲመጣ።"

ሳቀች፤ ሳቁ ራሱ ጉልበቷ ድረስ አመማት። "እኔስ? በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ትዳር አንድ ቀን አናድጄህ አላውቅም?"

ልብስ ሰፊው ከኮቱ ላይ አንድ ስፒል ነቀለ። አየው። መልሶ እዚያው ሰካው።

"ሆድ ይፍጀው" አለ።

ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ አንገቱን ይዛ ታናግረው ነበር። ዛሬ ግን ደክሟታል። "እንግዲያው ጉልበቴን አስብና ጩኽ" አለችው። "ልጃችን መቼም እውነቱን ታውቃለች። ሌላው ሰው ስላንተ የፈለገውን ቢያስብ ምናችን ነው?"

"እሱስ ልክ ነው" አለ፤ እሷን ግን አላያትም።

በዚህ መሐል ሚኒስትሯ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ ብቅ አለች። ገበያ ውስጥ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጥ፣ በፑል የውሃ ልክ የረጅም ጊዜ ባላንጣ የሆነች ሴት ናት፤ ቃል ገብታ ስለማታደርስ ነው ሚኒስትር ያሏት።

"ምነው? ማን ሞተ?" አለቻት ውሃ ልክ።

"ባሌ።"

"ምን?!"

"ለታሪኩ ነው እቴ! መበለት አድርገውኛል። ሟቹ ውጭ ቆሞ 'ቀብሬ ስንት ሰዓት ያልቃል? ርቦኛል' ይለኛል።" ወደ ልብስ ሰፊው ዞረች። "ተዋናዩ፣ በርታ እንጂ! በሳቅ ጨርሰህ ልታስቀብረን ነው።"

ልብስ ሰፊው ተነሣ። ኮቱን አራገፈ። ሚስቱ ለሚኒስትሯም ምንም አልነገረቻትም።

ዘጠነኛው ላይ አዘጋጇ ራሷ ተስፋ ቆርጣ "ጀምሩ" ያለችው ቁጭ ብላ ነው።

በሩ ተከፈተ። ከወንዶቹ አንዱ አላስችል ብሎት፣ "ኧረ ተዋናዩ! ዛሬ ሳይመሽ ግባ!" አለ።

ልብስ ሰፊው መሐል ቤት ላይ ቆመ። ሚስቱን ሳይሆን ሰውየውን አየው።

"ተዋናይ አይደለሁም" አለ። አልተሰማም። እንደገና አለው፤ ያን ጊዜ ተሰማ። "ተዋናይ አይደለሁም! ባሏ ነኝ!"

ድምፁ ከየት እንደ መጣ እግዜር ይወቅ። አንዱ መብራት ብልጭ ብሎ ተመለሰ። ወንዶቹ የያዙት ብርጭቆ አፋቸው ጋ እንደ ደረሰ ቀረ። ልብስ ሰፊው ጠረጴዛውን ዞሮ ወደ ሚስቱ መጣና ስቴካውን ከእጇ ነጠቀ፤ እውነተኛ ንጥቂያ ነበር፣ መዳፏን አቃጠላት።

"እኔ ነኝ የከለከልኩሽ?" አላት። "በይ ንገሪያቸው! እኔ ነኝ? አሥራ አራት ዓመት ሰደርያሽን ሰፋሁ። አንድ ቀን 'ና፣ ስጫወት እየኝ' ብለሽኝ ታውቂያለሽ? አንድ ቀን! በዚያ ዝናብ ጃንጥላ ይዤልሽ መጥቼ እዚህ በር ላይ ቆሜ ነበር። 'ማነው?' ሲሉሽ ምን አልሽ? ረሳሽው? እኔ አልረሳሁም። 'ልብስ ሰፊዬ ነው' አልሽ!"

አልረሳችውም። እነዚያ በወሬያቸው ድንጋይ የሚሰነጥቁ ወንዶች፣ የሚስታቸውን ስም ሲያነሡ እንኳ ደረታቸውን የሚነፉ ወንዶች፣ ያን ለስላሳ ሰው እጅ በእጅ ተቀባብለው መሳቂያ ሲያደርጉት ያን ቀን ታይቷት ነበር፤ ውሃ ልክን የሚያህል ሴት የዚህ ሚስት ናት ሲሉ። የሰው ፊት እሳት ነው። ከእሳቱ የሸሸችው ግን እሱን እዚያው ጥላ ነው።

"ውሸትም አላወራሽም" አለ ልብስ ሰፊው፤ ድምፁ መውረድ ጀመረ። "ልብስ ሰፊ ነኝ።"

ስቴካውን ጠረጴዛው ላይ አጋደመው፤ የተበጠሰ ነገር እንዳለ ሁሉ በጣቱ ዳሰሰው፤ አቃናው።

"ቁረጥ!" አዘጋጇ ከወንበሯ ዘለለች። "ወርቅ ነው! ጋሼ፣ ወርቅ ነዎት! በቃ፣ አለቀልን!"

ሚኒስትሯ በጥቁር ሻርፗ አፏን ይዛለች። ያ ተረበኛ ሰውዬ ድንገት ጫማውን ማሰር አስፈልጎታል፤ ጫማው ማሰሪያ የለውም።

"ያለው ነገር እኮ ሌላ ነው" አለች ውሃ ልክ።

"ያለውን ማን ይሰማዋል? ድምፁን እናወጣዋለን፤ ከላዩ ሙዚቃ እንጭናለን። ሲገባ፣ ሲጮህ፣ ስቴካውን ሲነጥቅ ብቻ ነው የሚታየው።" ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣች። "ጋሼ እዚህ ላይ ይፈርማሉ፣ መስማማትዎን ነው። አንቺ ደግሞ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ አንዲት ዓረፍተ ነገር ትይልኛለሽ፦ 'ባሌ ፑል እንዳልጫወት ይከለክለኝ ነበር።' ከዚያ ገባሽ በይ።"

ልብስ ሰፊው ወረቀቱን ተቀበለ። "የት ጋ ነው የምፈርመው?" አለ፤ ያ የቀድሞው ድምፁ ተመልሷል።

"ቆይ" አለችው ሚስቱ።

"ግዴለም። ጉልበትሽን አስቢ። እኔ ተናግሬ ወጥቶልኛል።"

ሄዳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። መቀመጡ በራሱ እንዴት ደስ ይላል! አምስቱ መብራቶች ዞረው ፊቷ ላይ ወደቁ። ከመብራቱ ወዲያ ማንም አይታይም። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ከዚያ በኋላ ብሎን የለ፣ ጉጠት የለ፣ በጀርባ መተኛት የለ፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ "ክንድሽን ዝቅ፣ ዓይንሽ ኳሱ ላይ" ማለት ብቻ። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ሳያርፉ መውጣት።

"ተዘጋጅተናል" አለች አዘጋጇ። "በይ፣ እናቴ።"

"ባሌ" አለች ውሃ ልክ።

ቃሉ በዚያ ቤት ውስጥ ከአፏ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው፤ የተዋሰችው ጫማ ይመስል አልለመደችውም።

"ባሌ ከልክሎኝ አያውቅም" አለች። "እኔ ነኝ እሱን የደበቅሁት። አፍሬበት።"

"ቁረጥ።" አዘጋጇ መጥታ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ደክሟታል እንጂ። "እናቴ፣ ስሚኝ። ይሄ ለኔ ቢሆን ደስ ይለኛል። ግን እኔም አለቃ አለኝ። የታዘዝኩት ከልካይ ባል ነው። ያፈረች ሚስት ማንም አላዘዘኝም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንዳልኩሽ በይልኝ።"

"አልልም።"

"ቦታሽን ለሌላ እሰጠዋለሁ ማለት ነው እኮ።"

"ገብቶኛል።"

አዘጋጇ ማስታወሻዋን ገልጣ አንድ መሥመር ሰረዘች፤ እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ያሰማው ድምፅ ከሐኪሙ ንግግር ይልቅ ጮኾ ተሰማት። ወረቀቱን ከልብስ ሰፊው እጅ መልሳ ወሰደችና ወንበሩን ወደ ሚኒስትሯ አስዞረች።

"ዕብድ!" አለቻት ሚኒስትሯ ስታልፍ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። "እኔ የቆመ ባሌን ቀብሬ ነው የምገባው፣ አንቺ አንዲት ቃል ያቅትሻል?"

"አንቺ ግቢልኝ" አለቻት። "ብቻ ስትወጪ ከመቃብር ማውጣቱን እንዳትረሺ።"

ያኔ ባለ ፑል ቤቱ ከባንኮኒው ጀርባ አንገቱን አወጣ። ቀኑን ሙሉ ሥራ ተፈትቶበት ቆሽቱ አሯል። "ውሃ ልክ፣ መቼም ተዋናይነቱ ከቀረ፣ የጓዳው ጠረጴዛ ወደ ግራ ያጋድላል። ከመሄድሽ በፊት እያት።"

ከሥራ ቦርሳዋ ብሎን መፍቻውን አወጣች። ወደ ጓዳው ሄደች፤ በጠረጴዛው ጫፍ ተደግፋ ግራ ጉልበቷን አሳረፈች፣ ከዚያ ቀኙን፤ ዓይኗ ጨለመ፣ ተመለሰ። በጀርባዋ ተኝታ ከሥር ገባች። አቧራው፣ የቀዝቃዛው ድንጋይ ሽታ፣ ሁሉም እንደ ተወችው ነው። ወንዶቹም የሚጫወቱበት ሲያጡ ወደዚያው ተከትለው መጥተው በጉጉት ቆሙ። ከሥር ስታይ የሚታዩዋት እግሮች ብቻ ናቸው፤ ከእግሮቹ መሐል የባሏን ጫማ ለየችው። ሌሎቹ እግሮች ከሱ ራቅ ብለው ቆመዋል፤ ምን እንደሚሉት ስላላወቁ ነው።

ብሎኑን አንድ ዙር አጠበቀች።

"ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨዋታ አለኝ" አለች ከሥር።

"ከማን ጋር?" አለ ባሏ።

"ከነዚህ አፋቸው ከማያርፍ ሰዎች ጋር።"

"እሺ። እራቱን እኔ እሠራለሁ።"

"ስለ እራት ማን አወራ? ና ነው የምልህ። መጥተህ እየኝ።"

የባሏ ጫማ አንድ እርምጃ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። ሌላ የማንም ጫማ አልተነቃነቀም።

"ነገ እኮ የተማሪዎቹን ዩኒፎርም የማስረክብበት ቀን ነው" አለ ልብስ ሰፊው በዚያች በማትሰማ ድምፁ። "በዘጠኝ ሰዓት ነው የቀጠርኳቸው። ሱቁን ምን ላድርገው?"

ውሃ ልክ መፍቻውን ከብሎኑ ላይ አነሣች። ከዚያ ተረበኛውም፣ ባለ ፑል ቤቱም፣ ከወዲያ ክፍል መብራት ሥር መበለት ሆና የተቀመጠችውም እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣

"ዝጋው!" አለችው።